የድሬ ኩሬ ከመሬት በታች ነው

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥፋቱ የኔ ነው። ባለፈው ዕትም ለአንዲት አንባቢ ስመልስ «ድሬዳዋ እኮ የበረሃ ንግሥት ናት» ብዬ አለፍኩ። እናንተ ያቺን አንድ መስመር ይዛችሁ መጣችሁ። የዝግጅት ክፍሉ ልጆች ጥያቄዎቹን በወረቀት አትመው በፌስታል ላኩልኝ። ስልክ ላይ ማንበብ ዓይኔ እንደማይወድ ያውቃሉ። ፌስታሉን ከፍቼ ሳገላብጥ ከግማሽ በላዩ ድሬ ድሬ ይላል። እንግዲህ ይህ ወር የድሬ ነው። የትዳር ጥያቄ የላካችሁ ታገሡኝ። ትዳር አንድ ወር ቢጠብቅ ምንም አይሆንም።

ለአዲስ አንባቢ ያህል፦ ከዚራ በሚባለው የድሬዳዋ ሰፈር ተወልጄ እዚያው አረጀሁ። ዕድሜዬን የጨረስኩት በባቡሩ ጥገና ክፍል፣ እኛ «አትሊዬ» በምንለው፣ ቶርኖ በሚባለው የብረት መቅረጫ ማሽን ላይ ቆሜ ብረት ስቆርጥ ነው። አባቴም እዚያው ነበር። ታሪክ አልተማርኩም፤ ያየሁትንና የሰማሁትን ነው የምነግራችሁ።

«ጋሼ፣ አዲስ አበባ ነው የምኖረው። በዝውውር ድሬዳዋ ልመጣ ነው። አንዱ ጓደኛዬ ‹በረሃ ልትገባ ነው› እያለ ያስፈራራኛል። ሌላው ‹ኧረ ኦአሲስ ናት› ይለኛል። የቱ ነው ልክ? ኩሬ ወይም ምንጭ አላት?» — ሻንጣ እያሰርኩ፣ ከመገናኛ

ልጄ፣ ጋቢህን ለእናትህ ትተህላት ና።

በመኪና ከመጣህ ቁልቢን አልፈህ ደንገጎ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወደ ሐረር፣ አንዱ ወደ እኛ። ወደ እኛ የሚወርደው ይጠማዘዛል። ጆሮህ ይደፈናል። ግማሹ ላይ ሹራብህን ታወልቃለህ፣ ታች ስትደርስ የሸሚዝህን ቁልፍ ትፈታለህ። ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ናት፤ የአዲስ አበባን ግማሽ በለው።

እንደ ሰሃራ በረሃ ግን አይደለችም። በዓመት 600 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። ይህን ቁጥር ግንቦትና ሰኔ ላይ ለማንም እንዳትናገር፤ ይስቅብሃል። በዚያ ወቅት ሰው በጠዋት ተነስቶ ጉዳዩን ይጨርሳል። ስድስት ሰዓት ላይ ሱቁ ይዘጋል፣ መንገዱ ጭር ይላል፣ ፀሐይ በረድ ስትል ደግሞ ሁሉም እንደ አዲስ ይከፈታል። ወንዱ ቤቱ ሲገባ ሱሪውን አውልቆ ሽርጥ ያገለድማል። ማታ አልጋ ወደ ግቢ ይወጣል። አለቃህ ከሰዓት ስብሰባ ከጠራ የድሬ ሰው አይደለም ማለት ነው።

አሁን ወደ ኦአሲሱ። ኦአሲስ ሲባል ፊልም ላይ ያየኸው ነው የሚመጣብህ። አሸዋ፣ መሃሉ ላይ ኩሬ፣ ዙሪያውን ቴምር፣ ግመል ጎንበስ ብሎ ይጠጣል። ግመሉ አለን። ኩሬው የለንም። ወንዝ ብትል ደቻቱ ነው፤ እሱም ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል አሸዋ ነው። ከዚራ ስትገባ ታዲያ «ይህ ሁሉ ጥላ ከየት መጣ?» ማለትህ አይቀርም። ግራና ቀኝ የኒም ዛፍ ነው። ከግንቦት ጀምሮ ደግሞ ቅጠሉ እስኪጠፋ ቀይ አበባ የሚለብስ ዛፍ አለ። አገሩ ማዳጋስካር ነው፤ በአማርኛ ግን ስሙ «የድሬዳዋ ዛፍ» ነው። ሌላ ከተማ ላይ በቅሎም የኛን ስም ነው የሚይዘው። ይህ ትንሽ ያኮራል፣ አቦ።

ኩሬያችን ከመሬት በታች ነው። በቁልቢ፣ በደንገጎና በሐረማያ በኩል ካለው ደጋ የሚዘንበው ዝናብ ከፊሉ ላይ ላዩን ይወርዳል፤ ስለ እሱ ዝቅ ብዬ እናገራለሁ። ከፊሉ በኖራ ድንጋዩ ስንጥቅ ይሰርጋል፣ በአሸዋ ድንጋዩ ውስጥ ቀስ እያለ ይጓዛል፣ በመጨረሻ እኛ እግር ሥር ይመጣል። ሳቢያን የሚባለው ሰፈራችን ላይ ጉድጓድ ተቆፍሮ በፓምፕ ይወጣል። ከተማው ለብዙ ዓመታት የጠጣው ያንን ነው።

ልጅ ሳለን ደቻቱ ውስጥ ኳስ እንጫወት ነበር። ጥም ሲይዘን ማንም ቤቱ አይሮጥም። አሸዋውን በእጃችን እንቆፍራለን። መጀመሪያ የሚያቃጥል ነው። ክንድ ያህል ሲገባ ይቀዘቅዛል፣ ቀጥሎ ቀለሙ ይጠቁራል፣ ከዚያ ጉድጓዱ ውስጥ ውሃ ቀስ እያለ ይጠራቀማል። አንድ እፍኝ ለማግኘት ትዕግሥት ይጠይቃል። ብቻ አሁን እንዳትሞክረው። የከተማው ቆሻሻ ሁሉ በዚያ ነው የሚያልፈው።

«አባባ፣ ከጅማ በትዳር ድሬ መጣሁ። የሻይ ማፍያዬ በሦስት ወሩ ውስጡ ነጭ ድንጋይ ሠራ። ሳሙና አረፋ አያወጣም። ፀጉሬ ገመድ ሆነ። ባለቤቴ ‹ትለምጂዋለሽ› ይለኛል። ውሃው ይጎዳናል?» — የሳቢያን ሙሽራ

ሙሽራዬ፣ እንኳን ደህና መጣሽ። ያ ነጭ ነገር ላይኛው ጥያቄ ላይ ያነሳሁት የኖራ ድንጋይ ነው። ውሃው ሲሰርግ ከድንጋዩ እያሟሟ ይዞት ይመጣል። ቀዝቃዛ ሳለ አይታይሽም። ሲፈላ ግን ከውሃው ይለይና ማፍያው ላይ ይለጠፋል። ሳሙናሽንም የሚበላው እሱ ነው።

በሽቦ አትፈትጊው። አቼቶና ውሃ እኩል በእኩል ቀላቅለሽ ድንጋዩ እስኪሸፈን ጨምሪበት። ሞቅ አድርገሽ ተዪው። ቺስ እያለ ሲቀልጥ ታይዋለሽ። ሲለቅ ድፊው፣ አንዴ ንጹሕ ውሃ አፍልተሽ ድፊ፣ አለቀ። ሎሚም ይሠራል። ለፀጉርሽ መጨረሻ የምታለቀልቂበት ውሃ ላይ ትንሽ ሎሚ ጠብ አድርጊበት።

ይህን ያስተማረኝ አባቴ ነው። በእንፋሎት ባቡር ዘመን ቦይለር አጣቢ ነበር። ያንቺ ማፍያ የሠራው ድንጋይ የባቡሩም ሆድ ውስጥ ይሠራ ነበር። ድንጋዩ ሙቀት አያሳልፍም። እሳቱ ማገዶ ይበላል፣ ውሃው አይፈላም፣ ቱቦው ብቻውን ይግላል። ከዚያ ይፈነዳል። ስለዚህ በየጊዜው እሳቱ ይጠፋል፣ ቦይለሩ ይቀዘቅዛል፣ ቀጭን ሰው ይፈለግና ውስጥ ይገባል። አባቴ ቀጭን ነበር። መዶሻና መሮ ይዞ ጨለማ ውስጥ ሲቀረቅር ውሎ ማታ ሲመጣ ቅንድቡ ነጭ ሆኖ ነበር ትለኛለች እናቴ። «ወፍጮ ቤት ነው እንዴ የምትሠራው?» ትለው ነበር። በ1940ዎቹ የናፍጣ ባቡር ሲገባ የእንፋሎቱ ጩኸት ቀረ ብሎ ያዘነ የከዚራ ሰው ብዙ ነው። አባቴ አላዘነም።

ድንጋዩ ሆድሽን አይጎዳም። አንድ ሌላ ነገር ግን አለ፤ ሙሽራ ስለሆንሽ ልተወው አልፈለግኩም። የሳቢያን ጉድጓዶች ሲመረመሩ ናይትሬት የሚባል፣ ከቆሻሻ ወደ ውሃ የሚገባ ነገር ከፍ ብሎ ሲገኝባቸው ቆይቷል። ምንጩ በአብዛኛው የመፀዳጃ ጉድጓድ ነው። ሳቢያን ጉድጓድ ሲቆፈርበት ከከተማ ውጭ ነበር። አሁን አንቺ እዚያ ትኖሪያለሽ፣ ጎረቤቶችሽም፣ የሁላችሁም ሽንት ቤት። ከተማው ሄዶ በውሃው ላይ ተኛበት። ናይትሬት ደግሞ በማፍላት አይወጣም፤ ውሃው ተንኖ ሲያንስ እንዲያውም ይከራል። ለትልቅ ሰው ያን ያህል አያሰጋም። ለስድስት ወር ያልሞላው ሕፃን የዱቄት ወተት ሲበጠበጥበት ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጊዜው ሲደርስ ጤና ጣቢያ ጠይቂ። ባለቤትሽ «ትለምጂዋለሽ» ያለው ስለ ፀጉርሽ ከሆነ ተሳስቷል፤ ሎሚውን እሱ ይግዛ።

«የድሬዳዋ ትርጉም ምንድን ነው? ከጓደኛዬ ጋር ተወራርደናል።» — ከአዳማ

ብራችሁን ተመላለሱ። ሶማሌው ስሙን ከድር ጎሳ ያመጣዋል፤ ድር ጦሩን የሰካበት ቦታ ነው ይላል። ኦሮሞው ድሬ ማለት ሜዳ ነው፣ የመድኃኒት ሜዳ ማለት ነው ይላል። ሁለቱንም በአንድ በርጫ ላይ፣ ከአንድ ፔርሙስ ሻይ እየቀዱ ሲከራከሩ ሰምቻለሁ። ዳኛ አልሆንም። ሁለቱም ጎረቤቶቼ ናቸው።

«ጋሽዬ፣ ደቻቱ ዳር በርካሽ ቦታ አገኘሁ። ደላላው ‹ግድግዳ ተሠርቷል፣ ከእንግዲህ ምንም አይመጣም› ይለኛል። ወንዙም ደረቅ ነው፤ ባጃጅ ሲያልፍበት አይቻለሁ። ልግዛ?» — ጅቡቲ የምመላለስ ነጋዴ

አትግዛ።

ምክንያቱን ልንገርህ። ደቻቱ ከተማዋን ለሁለት የሚከፍላት ነው። በአንድ በኩል ከዚራ፣ ፈረንጆቹ በገመድ ለክተው ያወጡት፣ መንገዱ ቀጥ ቀጥ ያለ። በሌላ በኩል መጋላ፣ ጠባብ መንገድ፣ የቀፊራ ገበያ። በመሃል ሰፊ አሸዋ። ጠዋት ግመል ይነዳበታል። ቀን ላይ ሰው አቋርጦ ገበያ ይሄዳል፣ ሻጩም ሸራውን ዘርግቶ ይቀመጥበታል። ማታ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። እንዲህ ያለውን ነገር ወንዝ ነው ብሎ የሚፈራ የለም። ችግሩም እሱ ነው።

የደቻቱ ዝናብ ድሬ ላይ አይዘንብም። ደጋው ላይ ነው የሚዘንበው። ተራራው ተራቁቷል፣ ቁልቁለቱ ቀጥ ያለ ነው፣ ውሃውን ይዞ የሚያቆየው ነገር የለም። አንተ እዚህ ኮከብ እየቆጠርክ ግቢህ ውስጥ ተኝተሃል። ላይ ሰማይ ተቀዷል። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ያ ሁሉ በዚህ አሸዋ ላይ ይመጣል።

1998 ክረምት፣ ሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት። ቅዳሜ ለእሑድ ነው። ግቢ ተኝቼ በድምፅ ነቃሁ። ጭነት ባቡር መሰለኝ። ዕድሜዬን በሙሉ ባቡር ስለሰማሁ ነው። ጥቂት ቆይቼ ግን ድምፁ እንደማያልፍ ገባኝ። ባቡር ይመጣል፣ ያልፋል፣ ይርቃል። ይሄኛው መጥቶ እዚያው ቆመ፤ እየጨመረ። ከዚያ ጩኸት ተከተለ። ደግሞ መብራት የለም።

በዚያ ሌሊት ከ250 በላይ ሰው ሞተ። አብዛኛው በተኛበት። በሺዎች የሚቆጠር ሰው ቤት አልባ ሆነ። ሲነጋ ወደ ዳሩ ወረድኩ። ጭቃው እስከ ጉልበት ነው፤ ሽታውን እስከ ዛሬ ድንገት ዝናብ ሲጥል አገኘዋለሁ። ትናንት ቤት የነበረበት ቦታ ልሙጥ ሆኗል። ሰው ስም እየጠራ ይሄዳል። እኔ አካፋ ተቀብዬ ከሌሎች ጋር መዛቅ ጀመርኩ። አንድ ቦታ አካፋዬ ብረት ነካ። በእጄ ጠረግኩት። የሲንጀር ስፌት መኪና ነው፣ ባለ እጀታው። መርፌው ላይ ክር እንደተሰካ ነበር። ነጭ ክር። ውሃው ቤቱን ወስዶ ክሩን ከመርፌው ሳያወጣ ተወው። መኪናውን ጠርጌ ከፍ ያለ ድንጋይ ላይ አኖርኩትና ወደ መዛቁ ተመለስኩ። ማታ ሳልፍ እዚያው ነበር። በማግስቱም።

ግድግዳው ከዚያ በኋላ ነው የተሠራው። ጥሩ ግድግዳ ነው፣ አላጣጥለውም። ነገር ግን ማንኛውም ግድግዳ የሚለካው በታየው ጎርፍ ነው። ያልታየውን ማንም አልለካውም። ደላላህን አንድ ነገር ጠይቀው፦ «አንተ የት ነው ቤትህ?» በለው። ዳገት ላይ ወይም ሌላ ከፍታ ላይ ከሆነ መልስህን አገኘህ።

«አንተ ሰውዬ፣ ድሬ ድሬ ስትል ትሰለቸኛለህ። ጀጎል በግንብ ታጥራ ስትነግድ እናንተ ጋ ጅብ ነበር የሚያድረው። ባቡሩም ለሐረር ነበር የተባለው፣ ቀማችሁን።» — የጀጎል ልጅ

ወንድምዬ፣ የጅቡን ነገር ባታነሳው ይሻልህ ነበር። እስከ ዛሬ ማታ ማታ በእጃችሁ የምታጎርሱት እናንተ ናችሁ።

በቀረው ልክ ነህ። ምኒልክ ለስዊዙ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡሩን ፈቃድ በ1886 ሲሰጡ የመጀመሪያው ሐሳብ ከጅቡቲ ተነስቶ ሐረር መግባት ነበር። ተራራው አልፈቀደም። ሐረር እኛን ከላይ ሆና ነው የምታየን፤ ከስድስት መቶ ሜትር በላይ ከፍ ትላለች። ያንን ሽቅብ ሐዲድ ማውጣት ገንዘብ ነው። ኩባንያው ደግሞ ከመጀመሪያውም ገንዘብ አልነበረውም። ስለዚህ ከተራራው ግርጌ፣ ሜዳ ላይ ቆመ። ታኅሣሥ 1895 ባቡሩ እዚህ ደረሰ። ለጣቢያው ከተማ የተሰጣት ስም ምን እንደነበር ታውቃለህ? «አዲስ ሐረር»። እንግዲህ ሌባ የሰረቀውን ዕቃ በባለቤቱ ስም ይጠራል? አልቀማንህም፤ አንተን ነበር ሊያደርጉን የፈለጉት። ስሙ አልጸናም እንጂ።

ከዚያም ገንዘቡ አለቀና ሥራው ለዓመታት ድሬ ላይ ቆመ። አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። ድሬን ድሬ ያደረጋት ያ መዘግየት ይመስለኛል። ዕቃ እዚህ ይራገፋል፣ በግመልና በበቅሎ ይጫናል። ለዚያ መጋዘን ያስፈልጋል፣ ለመጋዘኑ ጸሐፊ፣ ለጸሐፊው ዳቦ ጋጋሪ። ግሪኩ መጣ፣ አርመኑ መጣ፣ ህንዱ፣ ዓረቡ፣ ጣልያኑ መጣ። ባቡሩ በሰዓቱ አልፎ ቢሆን ኖሮ ዛሬ እኔ አንዲት ትንሽ ጣቢያ ላይ ብርቱካን እሸጥልህ ነበር።

ስለ ውሃው ደግሞ ላስታውስህ። ሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ አጋማሽ ደረቀ። የሐረር ውሃ ከዚያ ነበር የሚመጣው። ጀሪካን ይዛችሁ የተሰለፋችሁበትን ጊዜ አልረሳችሁትም። ከዚያ ወዲህ ለሐረር የሚገፋው ውሃ ከቆላው፣ ከኛ ወገን፣ ከድሬ ጃራ ጉድጓዶች ነው። ሽቅብ፣ በፓምፕ። ባቡሩ ያልወጣውን ዳገት ውሃው ወጣው። በነገርህ ላይ ሐይቁ በቅርብ ዓመታት ተመልሶ ውሃ ይዟል፤ ሄደህ እየው፣ ደስ ይላል።

ይህን ጽፌ ልኮራብህ ነበር። ቡና ስጠጣ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የእኛ ውሃ ከየት ነው የሚሰርገው? ከናንተው ደጋ። እናንተ ዛፍ ስትቆርጡ ሁለት ጊዜ እንጎዳለን። ጉድጓዳችን ይጎድላል፣ ደቻቱ ይሞላል። ስለዚህ ስድብህን ተቀብያለሁ፤ አንተ ዛፍ ትከል።

በጀጎል እንኳን ደስ አላችሁ ሳልል ቀርቼ ነበር። በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ የተመዘገበችው በዚያው በ1998 ሐምሌ ነው። በሬዲዮ ሰምተን ሳንጨርስ ጎርፉ መጣና አካፋ ያዝን። ዘግይቶም ቢሆን እንኳን ደስ አላችሁ።

«22 ዓመቴ ነው። አባቴ ሁልጊዜ ‹ድሬ ድሮ ቀረች› ይላል። እውነት ድሬ ባቡሩ ሲቆም ሞታለች? አሮጌውን ጣቢያስ ማየት ይቻላል?» — የነምበር ዋን ልጅ

የኔ አባትም ይል ነበር። ለእሱ ድሬ የቀረችው ግሪኮቹና አርመኖቹ ሲሄዱ ነው። ለኔ ጓደኞች በነሐሴ 1969 ነው፤ የሶማሊያ ጦር ከተማው ደጃፍ ደርሶ ተመለሰ፣ ሐዲዱ ላይ ድልድይ ተሰበረ፣ ባቡር ቆመ። ለአባትህ ደግሞ የድሮው ባቡር መጀመሪያ በአዲስ አበባ በኩል፣ በኋላም በጅቡቲ በኩል ሲያቆም ነው። አንተም የራስህን ቀን ታገኛለህ፤ አትቸኩል።

አሮጌው ጣቢያ ከተማው ውስጥ ነበር። ባቡር ሲገባ ሁሉም ያውቃል። ጥሩምባው ይሰማል፣ ጋሪው ይሰለፋል፣ ቡና ያፈላች ሴት ስኒ ትደረድራለች። ከጅቡቲ የመጣች ነጋዴ ቀሚስ በቀሚስ ደርባ ትወርዳለች። ስትገባ ቀጭን፣ ስትወጣ ወፍራም። ፊናንስ፣ የጉምሩኩ ጠባቂ፣ ያያታል፣ እሷም ታየዋለች። ታይዋን ገበያ የሸጠውን ሁሉ ቀረጥ ከፍሎ አስገባ የሚል ካለ የድሬ ሰው አይደለም።

አዲሱ ባቡር መስከረም 2009 ተመረቀ፣ ታኅሣሥ 2010 መደበኛ ሥራ ጀመረ። በኤሌክትሪክ ነው የሚሄደው። ፈጣን ነው፣ ንጹሕ ነው። ጣቢያው ግን ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። ባቡር መጣ ሄደ፣ ከዚራ አይሰማም። የድሮው ሐዲድ ስፋቱ አንድ ሜትር ነበር፤ የአዲሱ አንድ ሜትር ከ43 ሳንቲም ተኩል ነው። ማለትም ዕድሜዬን በሙሉ ቶርኖ ላይ ካስተካከልኳቸው የብረት ጎማዎች አንዱም አዲሱ ሐዲድ ላይ አይቆምም። ይህን መጀመሪያ ሲነግሩኝ ሳቅኩ። ማታ አልሳቅኩም።

ድሬ ግን አልሞተችም። በ1999ኙ ቆጠራ አስተዳደሩ 341,834 ሰው ነበረው፤ ከዚያ 233,224ቱ ከተማው ውስጥ። ዛሬ በየዳገቱ የምታየውን ቤት አስብ። በ2014 ነፃ የንግድ ቀጣና ተከፍቷል። ፋብሪካ ይመጣል፣ ሰው ይመጣል። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ባቡሩ አይደለም። ያለ ባቡር ለዓመታት ኖረን አይተነዋል። ጫቱ ወረደ፣ ባጃጁ በዛ፣ ሻይ ቤቱ አልተዘጋም። ያለ ውሃ ሦስት ቀን ስንውል ግን አይተኸናል። ለቢጫ ጀሪካን ወንድም ከወንድሙ ይጣላል። አባትህ ስለ ባቡሩ ሲያዝን ስማው፣ ደስ ይለዋል። ከዚያ ስትጨርስ የግቢያችሁን ቧንቧ ጠብ ጠብ የሚለውን ጎማ ቀይር። ዕቃው ቀፊራ ይገኛል፣ ዋጋው ከአንድ ሻይ ብዙም አይበልጥም።

ጣቢያውን ማየት ይቻላል። በጠዋት ሂድ፣ ዘበኛውን በትህትና ጠይቅ፣ ፎቶ ከማንሳትህ በፊት አስፈቅድ። አትሊዬው ውስጥ ከቶርኖዎቹ አንዱ ፊት ለፊት ወለሉ በሁለት እግር ልክ ሰርጎድ ብሏል። እሱ ከኔ በፊት የነበረውና የኔ እግር ነው። ቁምበት፣ ግዴለም።

ፌስታሉ አልቋል። አሁን እኔ አንድ ጥያቄ አለኝ። ያ ስፌት መኪና፣ የሲንጀሩ፣ በሦስተኛው ቀን ጥዬው መሄድ አልቻልኩም። ቤቴ ወሰድኩት። አሸዋውን አወጣሁ፣ ዘይት አጠጣሁት፣ ይሠራል። በየሰፈሩ ጠይቄ ባለቤቱን አጣሁ። ከሥሩ፣ እንጨቱ ላይ፣ በቀይ ቀለም አንድ ፊደል ተጽፏል። የቱ ፊደል እንደሆነ አልናገርም፤ የሚያውቀው ይንገረኝ። ሰውየው ወይም ሴትየዋ ባይኖሩ እንኳ ልጅ ይኖራል። ለዝግጅት ክፍሉ ጻፉ፣ በፌስታል ይደርሰኛል።